የጳጉሜን ሦስት ዝናብ

ሞዴሉን የሠሩት ለሩቅ ተራራ ነው፤
ዘንድሮ የጣለው ለከርሞ ለሚቆይ፣
ውሃው እንደ እህል ጎተራ ለሚያድር፣
ፀሐይ ስትለምነው ቀስ ብሎ ለሚታይ።

«የበረዶ ግግር» የሚል ሣጥን አለው፤
ቁጥር ካልሰጠሁት ወደፊት አይልም።
አራት ኪሎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ
ዜሮ እጽፍበታለሁ፤ እዚህ በረዶ አይከርምም።

የኛ በረዶ ምን አለው?
ሰኔ ላይ ቆርቆሮ ሊደበድብ መጥቶ፣
የታክሲ ሰልፉን በትኖ፣ የቲማቲም ሻጯን ሸራ በስቶ፣
አፍሰህ ሳትጨርስ እጅህ ላይ ሟሙቶ
ቁልቁል ወደ ቀበና።
ሰባት ሰዓት የወረደው ዘጠኝ ሰዓት የለም።
ቋንቋችንም ታክቶት አንድ ስም ሰጣቸው፤
ለሚከርመውም በረዶ፣ ለሚያልፈውም በረዶ።

ሥራዬ ግልጽ ነው። የሠላሳ ዓመት ዝናብ
ከወረቀት ነቅሎ ማሽን ላይ መትከል።
ጣቢያው፦ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ።
መዝጋቢው፦ አቶ ሽብሩ ወልደቂርቆስ፤
ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አንድም ቀን ሳይዘል።

«ሐምሌ ዐሥራ አራት። ዐሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።
መለኪያው አፍ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል አግኝቻለሁ፤
ጥቂት ሳያስቀርብኝ አልቀረም» ይላል።
እንዲህ ያለ ሰው ነው። ለአንድ ቅጠል የሚጨነቅ።

ለዚህ ነው የገረመኝ።
ጳጉሜን ሦስት፦ ዜሮ።
በዓመቱ ጳጉሜን ሦስት፦ ዜሮ።
በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም።
እንጦጦ ዘንቦ ነበረ፣ ጉለሌም ዘንቦ ነበረ፣
ቀበና ሞልቶ የሰው በግ ወስዶ ነበረ፤
የአቶ ሽብሩ መለኪያ ብቻ፣ ሩፋኤል በመጣ ቁጥር፣
እንደ ጥር ወር ደርቆ አደረ።

ዶክተር ምንትዋብ በሩ ላይ ቆማ አየችውና
«ተደፍኖ ይሆናላ፤ ከጎረቤት ጣቢያ ሙላው» ብላኝ ሄደች።
ልሞላውም ነበር።
የእንጦጦን ዐሥራ ስምንት ከጉለሌ ሃያ አንድ ጋር አማክዬ፣
ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ፣
ወረቀቱ ሲገለበጥ ጀርባው ላይ የእርሳስ ጽሑፍ አየሁ፣
ቀጭን፣ በጣም ደብዝዞ፦

«ሞልቶ ነበር። የግቢው ልጆች ጠበል ነው ብለው
ቀድተው ሲረጩት ደረስኩ።
ትንሿ ውብነሽ የቀረውን በራሷ ላይ ደፋችው።
መቆጣት አቃተኝ።
ያልለካሁትን አልጽፍም። ዜሮ።»

ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጣዩን ገለጥኩ።
«ዘንድሮም ቀደሙኝ።»
ቀጣዩን።
«ሌሊት ተነሥተው ነው። መቼም ልጅ አይተኛ።»
ቀጣዩን።
«ውብነሽ ቁመት ጨመረች፤
አሁን ታናሽ ወንድሟን አዝላ ነው የምትረጨው።»

እንዲህ እያልኩ ስድሳ ዘጠኝ ደረስኩ።
ጳጉሜን ሦስት፦ ሃያ ሁለት ነጥብ ስድስት።
ከእንጦጦ ጋር ይገጥማል፣ ከጉለሌም ይገጥማል፤
ሞዴሉ ከዓመታቱ ሁሉ ይህን መረጠ፣
መስመሩ ቀና፣ ስሕተቱ ጠበበ።
ጀርባውን ገለበጥኩ።

«ማንም አልነካው።»

ሌላ ቃል የለም።
በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ
እንደ ልማዱ ለክቶ ጽፏል፦ አራት ነጥብ ዜሮ።

በመስኮት አየሁ። ግቢው ከነዛፉ ፈርሷል፤
በቦታው አጥር አለ፣ ከአጥሩ ኋላ ክሬን።
ዝናቡ መጣ፣ አስፋልቱን አጥቦ ሄደ፤
ማንም በጣሳ አልጠበቀው።

ማሽኑን ሳላጠፋ ወደዚያ ሣጥን ተመለስኩ፣
እዚህ የሚከርም የለም ብዬ ዜሮ ወዳኖርኩበት።
ሃያ ሁለት ነጥብ ስድስት።
ስንት ክረምት አልፎበት፣ ስንት በጋ ወጥቶበት፣
ወረቀት ላይ ቆሟል፣ ጠብታ ሳይጎድልበት።

«የጳጉሜኑ ተስተካከለ?» አለች ዶክተር፣ ቦርሳዋን አንግታ።
«ዜሮዎቹ ልክ ናቸው» አልኳት።
«እና የቱ ነው የተበላሸው?»

ስድሳ ዘጠኝን አሳየኋት።
እሱን ከየትኛው ጎረቤት ጣቢያ ልሙላው?